ከአሮጌ ቡፌ የእባብ ማደሪያ አሠራር

እባብ በአገራችን ከቤት የሚባረር እንጂ ወደ ቤት የሚገባ እንስሳ አይደለም። ስሙ ሲነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዱላውን ነው። በሰሜን አሜሪካና በምዕራብ አውሮፓ አገሮች ግን ውሻና ድመት እንደሚያሳድጉ ሁሉ፣ መርዝ የሌላቸውን እባቦች በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ እባቦች ከጫካ የተያዙ ሳይሆኑ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሰው እጅ የተራቡ ናቸው። በእኛ ሜዳና ጫካ የሚገኙት እባቦች ግን፣ መርዛማውን ከማይመርዘው በዓይን ለይቶ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ በእጅ የሚያዙም ሆኑ በቤት የሚኖሩ አይደሉም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚተረከው ሥራ የሚሠራው እዚያ ማዶ፣ ሕግ በሚፈቅድበት ስፍራ፣ ተወልዶ ሰው የለመደ እባብ ላለው ሰው መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ።

ለምሳሌ የሚሆነን በእንግሊዝኛ «ኮርን ስኔክ» ማለትም የበቆሎ እባብ የሚባለው ነው። መኖሪያው ከኒው ጀርሲ እስከ ፍሎሪዳ ያለው የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን፣ ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1766 ሳይንሳዊ ስም አውጥቶለታል። የበቆሎ እባብ የተባለበት ምክንያት ሁለት ዓይነት ይነገራል፤ አንደኛው አይጥ ፍለጋ በበቆሎ ጎተራ አካባቢ ስለሚገኝ ነው ሲል፣ ሁለተኛው በሆዱ ላይ ያለው ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የበቆሎ ፍሬ አደራደር ስለሚመስል ነው ይላል። መርዝ የለውም፤ የሚያድነውን አይጥ የሚገድለው ጠምጥሞ በማጥበቅ ነው። ሙሉ ቁመት ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ዕድሜውም ረዥም ነው፤ በመልካም አያያዝ 15 እና 20 ዓመት ይኖራል። ይህም ማለት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ የተፈለፈለ እባብ ቢረከብ፣ ያ እባብ በሕይወት እያለ ተማሪው ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ይችላል ማለት ነው። የሚሠራለትም ቤት ለአንድ ወቅት የሚሆን ሣጥን ሳይሆን ለዚህን ያህል ዘመን የሚያገለግል መሆን ይኖርበታል።

አብዛኛው ሰው ለእባብ የሚገዛው ለዓሣ የሚሠራውን የመስታወት ሣጥን ነው። መስታወት ለዓይን ያምራል፤ ለመወልወልም ይቀላል። ይሁን እንጂ እንደ ዓሣው ሁሉ በአራቱም በኩል ዕራቁቱን የሚቀር እባብ መሸሸጊያ ያጣል፤ መስታወቱም ሙቀትን ቶሎ ያወጣል። ደረቅና ቀላል የሆነ እንጨት የሚያስተላልፈው ሙቀት መስታወት ከሚያስተላልፈው ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ያህሉ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የቡፌ ጣውላ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲወፍር የዓሣ ሣጥን መስታወት ብዙውን ጊዜ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለሆነም የእንጨት ቤት በጥቂት ኤሌክትሪክ ይሞቃል፣ የሞቀውንም ይዞ ይቆያል። ከፊት ብቻ በመስታወት የሚዘጋ፣ በቀሩት በኩል ድፍን የሆነ የእንጨት ሣጥን ተመራጭ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ሣጥን ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞ ሠርቶት ሊሆን ይችላል፤ ሳህንና ብርጭቆ ሲደረደርበት የኖረ ቡፌ ወይም ዝቅ ብሎ በስፋት የተሠራ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ማለት ነው።

ማናቸውም አሮጌ ዕቃ ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም። እግሩ የሚወላገድ፣ ነቀዝ የበላው፣ የጀርባው ስስ ጣውላ በውሃ ያበጠ ቡፌ መጠገኑ ከአዲስ ሥራ ይብሳል። በሌላ በኩል ደግሞ የጥንት አናጺ በእጁ ገጣጥሞ የሠራውን፣ መጋጠሚያው ያለ ምስማር የተዋደደውን ጥሩ ዕቃ ለእባብ ብሎ መጋዝ ውስጥ ማስገባት በእኔ አስተያየት ነውር ነው። ያ ዕቃ ለሚያውቅበት ይሸጥ፤ በሚገኘው ገንዘብ ለእባቡ ሌላ ጤናማ ግን ተራ ዕቃ ይገዛል። ለለውጥ የሚመቸው ፋብሪካ የሠራው፣ መገጣጠሚያው የጠበቀ፣ ነገር ግን ማንም ብርቅ ብሎ የማይፈልገው ዕቃ ነው።

አሮጌ ዕቃ ሲመረጥ ዓይን የሚያየው ጉዳት ቀላሉ ነው። ከባዱ አፍንጫ እንኳ አንዳንድ ጊዜ የሚስተው ነው። ቁም ሣጥንና ቡፌ ለዓመታት የተቀመጠበትን ነገር ሁሉ ይመጣል። ብል እንዳይበላ ተብሎ በልብስ መካከል የሚጣለው ናፍታሊን በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሙቀት ባገኘ ቁጥር እንደገና ይተናል። ለበረሮና ለምስጥ የተረጨ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሰው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ሸሚዙን ወስዶ ይዘጋዋል፤ እባብ ግን እዚያው ውስጥ ሌሊትም ቀንም ይተነፍሳል። የበቆሎ እባብ ሳንባው በእውነት የሚሠራው አንዱ፣ የቀኙ ብቻ ነው፤ ግራው እጅግ ትንሽ ሆኖ ቀርቷል። ሲታመም አያስልም፣ አይጮኽም፤ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ወይም አረፋ ሲደፍቅ በሚታይበት ጊዜ ሕመሙ ሥር ሰዷል። ስለዚህ የናፍታሊን ሽታ ያለው ዕቃ ምንም ቢያምር መተው ይሻላል። አሠራሩም ይኸውና፦ የዕቃውን በሮች ሁሉ ዘግቶ በፀሐይ አጠገብ ለአንድ ቀን ማቆየት፣ ከዚያም ከፍቶ ወዲያውኑ ማሽተት ነው። ሙቀት የተደበቀውን ሽታ ያወጣዋልና።

የእንጨቱም ዓይነት ራሱ መመርመር አለበት። በአሜሪካ እናቶች የሙሽራ ልብስና ብርድ ልብስ የሚያኖሩበት፣ «ሴዳር ቼስት» የሚባል ትልቅ ሣጥን አለ። ሲከፈት መልካም መዓዛ ስለሚሰጥና ብል ስለማይደፍረው የተወደደ ነው። ይህ ሣጥን የሚሠራበት የምሥራቅ ቀይ ሴዳር በስሙ ሴዳር ይባል እንጂ፣ በዕፅዋት ሊቃውንት አከፋፈል ከእኛ አገር ጥድ ጋር በአንድ ወገን የሚመደብ ዛፍ ነው። የጥድ ሣጥን በቤቱ ያለው ሰው መዓዛውን ያውቀዋል። ብልን የሚያባርረው ያው ዘይት ነው እንግዲህ በተዘጋና በሞቀ ስፍራ ውስጥ የእባብን መተንፈሻ የሚጎዳው። በመሆኑም የሴዳር ሣጥን፣ ቅርጹ ለእባብ ማደሪያ የተሠራ ቢመስልም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከምርጫው የሚወጣ ነው፤ የሴዳር ፍቅፋቂም ለምንጣፍነት ፈጽሞ አይጎዘጎዝበትም።

ቀለም የተቀባ ዕቃ ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤትና ለቤት ዕቃ የሚውል ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን እንዳይዝ የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ሲፋቅ የሚነሣው ብናኝ ከእባቡ ይልቅ የሚፍቀውን ሰውና በቤቱ ያሉትን ሕፃናት ይጎዳል። ዕድሜው የማይታወቅ ቀለም በመመርመሪያ ሳይፈተሽ አይፋቅም፤ እርሳስ ከተገኘበት ዕቃውን መተው ቀላሉና ብልህነት የተሞላበት መንገድ ነው።

ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ቺፕውድም የራሱ ጠባይ አለው። ሙጫው ፎርማልዴሃይድ የተባለ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን የሚገድብ ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ጋዙ ግን በዓመታት ውስጥ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ በዚህ ረገድ አሮጌው ዕቃ ከአዲሱ ይሻላል። ሆኖም አሮጌው ጣውላ በመጋዝ ሲቆረጥ አዲስ ገጽ ይገለጣል፤ ከዚያ ገጽ ጋዙ እንደገና ይወጣል፣ ውሃም በዚያው ይገባል። ቺፕውድ ደግሞ ውሃ ከጠጣ እንደ እርጥብ ዳቦ ያብጣል፤ ካበጠም ተመልሶ አይሟሽሽም። ስለሆነም የተቆረጠ ጠርዝ ሁሉ ሳይሸፈን አይታለፍም።

መጠኑን በተመለከተ ለረዥም ጊዜ «እባብ ጠባብ ስፍራ ይወዳል» የሚል አባባል ሲነገር ኖሯል። እባብ ጠባብ መደበቂያ መውደዱ እውነት ነው፤ ጠባብ ቤት መውደዱ ግን ከዚህ አይከተልም። ሰው ጠባብ አልጋ ላይ ቢተኛ ቤቱ ሁሉ የአልጋ ስፋት ይኑረው አይባልም። እባቦች ስፍራ ሲያገኙ ሰውነታቸውን ቀጥ አድርገው እንደሚዘረጉ ታይቷል፤ ስለዚህ አሁን ጠንቃቃ የሆኑ አርቢዎች የቤቱ ርዝመት ከእባቡ ርዝመት እንዳያንስ ይመክራሉ። ርዝመቱ 120፣ ጥልቀቱ 50፣ ከፍታው 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቡፌ እንውሰድ። 120 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም የበቆሎ እባብ ይህ የሚበቃው ዝቅተኛው ልክ ነው። ከፍታውም በከንቱ አይቀርም፤ የበቆሎ እባብ ዛፍ መውጣት ያውቃልና ቅርንጫፍ ይደረግለታል።

ሥራው የሚጀመረው በማፍረስ ነው። መሳቢያዎቹና የመካከል ግድግዳዎቹ ይወጣሉ፤ ነገር ግን የመካከሉ ግድግዳ የላይኛውን ጣውላ ተሸክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመውጣቱ በፊት በጀርባው በኩል ሌላ ድጋፍ በኮላና በብሎን ይጠበቅለታል። በምስማር ብቻ የተያዘው ስስ የጀርባ ጣውላ ተነቅሎ በወፍራም ኮምፔንሳቶ ይተካል። ይህ የሚደረገው ለጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ስሱ ጣውላ ጥጉ ላይ ሲገፋ ይለቃል፣ እባብም ሌሊቱን ሙሉ ጥጉን ሲገፋ የሚያድር እንስሳ ነው። የወጡ ምስማሮችና የተሰነጠቁ እንጨቶች ሁሉ ይወገዳሉ።

ከዚያ የሚቀጥለው የአየር መተላለፊያ ነው። የሞቀ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ በፊዚክስ ትምህርታችሁ ተምራችኋል። ቤቱ አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚሠራ፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ከታች አንድ ቀዳዳ፣ በሞቃቱ ጫፍ ከላይ ሌላ ቀዳዳ ቢከፈት አየሩ በራሱ ጊዜ ይዞራል፤ ከታች ቀዝቃዛው ይገባል፣ ከላይ የሞቀውና እርጥቡ ይወጣል። ሁለቱም ቀዳዳዎች ከላይ ቢሆኑ ግን እርጥበቱ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ በእርጥብ ወለል ላይ የሚውል እባብ የሆዱ ቅርፊት ይቆስላል። ቀዳዳዎቹ ትልቅ ከሆኑ ደግሞ ሙቀቱ አይያዝም። በቀዳዳዎቹ ላይ ዓይኑ የጠበበ የብረት ወንፊት ከውስጥም ከውጭም ይመታል፤ ጠርዙም እንዳይቧጭር በእንጨት ይከበባል፤ እባቡ መውጫ ሲፈልግ አፍንጫውን ወንፊቱ ላይ እየፈተገ ራሱን ያቆስላልና።

የውስጡ ገጽ በሙሉ በውሃ በሚቀጥን ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ በየቅቡ መካከል በስሱ ይለሰልሳል። መጋጠሚያዎቹ በሲሊኮን ይደፈናሉ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት ስለሚጨመርበት አይሆንም፤ ለዓሣ ሣጥን የሚያገለግለው ንጹሑ ይፈለጋል። ይህ ሲሊኮን ሲደርቅ እንደ አቼቶ ይሸታል፤ ሽታው እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቫርኒሹ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ለእጅ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ፈጽሞ እስኪጠነክር ግን ሦስትና አራት ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው መጋዙን፣ መሰርሰሪያውን፣ ቅቡን በትዕግሥት ጨርሶ የመጨረሻውን መጠበቅ ያቅተዋል፤ እባቡንም ገና በሚተን ቫርኒሽ ውስጥ ያስገባዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ እንመጣለን። የእንጨት ቤት ከመስታወት ቤት የሚለየው በበጎ ብቻ አይደለም፤ እንጨት ይነድዳል። ስለዚህ የዚህ ክፍል ሥራ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የኤሌክትሪክ ሙያ የሌለው ሰውም ሽቦውን ለባለሙያ ይተወው።

እባብ የራሱን የሰውነት ሙቀት በውስጡ አያመነጭም። ሲበርደው ወደ ሞቀ ስፍራ ይሄዳል፣ ሲሞቀው ወደ ቀዘቀዘ ይመለሳል፤ የበላውን መፍጨትና ሕመምን መቋቋም የሚችለውም ይህን ማድረግ ሲችል ነው። ስለሆነም ቤቱ በሙሉ አንድ ዓይነት ሙቀት እንዲኖረው አይፈለግም። ለበቆሎ እባብ ሞቃቱ ጫፍ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ቢሆን ይስማማዋል። ትንሽ ሣጥን የማይበቃበት ሌላው ምክንያትም ይህ ነው፤ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ማግኘት ያስቸግራል፣ በ120 ሴንቲ ሜትር ግን ይገኛል።

ሙቀቱ ከላይ፣ እንደ ፀሐይ፣ በአምፑል ቢሰጥ መልካም ነው። ከወለሉ በታች የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ለመስታወት ሣጥን የተሠራ ሲሆን፣ ከእንጨት ወለል ሥር ሲገባ እንጨቱ ሙቀቱን አላሳልፍ ስለሚል ታምቆ ይግላል። አምፑሉ የሚሰካበት መያዣ የፕላስቲክ ሳይሆን የሸክላ መሆን አለበት፤ ከአምፑሉ በላይ ያለው ጣውላም ክፍተት ተትቶ በብረት ቆርቆሮ ይጋረዳል። ብርሃን ሳይሰጥ ሙቀት ብቻ የሚሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ አለ፤ እንደ ኃይሉ መጠን የገጹ ሙቀት ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስለማያበራም ሰው የጠፋ መስሎት በእጁ ይነካዋል።

እዚህ ላይ ስለ እባብ አንድ የሚያስገርም ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እኛ የጋለ ነገር ስንነካ እጃችን ከማሰባችን በፊት ይሸሻል። እባብ ግን በሚያቃጥል አምፑል ላይ ተጠምጥሞ ቆዳው እስኪላጥ ሊቆይ ይችላል። በቤት የሚኖሩ እባቦች ዘንድ ቃጠሎ በተደጋጋሚ የሚታየው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ አምፑሉን ዙሪያውን በሽቦ አጥር መክበብ። አጥሩ እባቡ አምፑሉን እንዳይነካ ብቻ ሳይሆን አጥሩ ራሱ እንዳይግል ከአምፑሉ ራቅ ብሎ ይታሰራል።

አምፑሉ በቀጥታ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አይተውም። በመካከል ቴርሞስታት የሚባለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ይገባል፤ ይህም ሙቀቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ኃይሉን የሚቀንስ ወይም የሚያቋርጥ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው በጫፉ ያለችው ትንሽ መለኪያ የምትነግረውን ብቻ ነው። መለኪያዋ ከስፍራዋ ወድቃ የውሃው ሣህን ውስጥ ብትገባ «ቀዝቃዛ ነው» ትለዋለች፤ እሱም ታምኖ ሌሊቱን ሙሉ ያነድዳል። በመሆኑም መለኪያዋ ከሞቃቱ ማረፊያ አጠገብ በማይላቀቅ ቅንጥብ በብሎን ትታሰራለች። ለማሰር በሚል ምክንያት በቤቱ ውስጥ ፕላስተር መለጠፍ አይገባም፤ እባቡ የተጣበቀበት እንደሆነ ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞ ይሄዳል።

እንደ ቀን ብርሃን የሚያገለግል ዝቅተኛ የአልትራቫዮሌት መብራት ማከልም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ በዚህ ዓይነት መብራት ሥር የቆዩ የበቆሎ እባቦች በደማቸው ያለው ቫይታሚን ዲ ከፍ ማለቱ ተረጋግጧል። መብራቱ የሚሰቀለው ከውስጥ ነው፤ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም።

የፊቱ በር በሁለት ተንሸራታች መስታወት ይሠራል፤ ሲሰበር እንደ ጠጠር የሚበታተነው ጠንካራ መስታወት ይመረጣል። ሁለቱ መስታወቶች በሚደራረቡበት መካከል ስስ ክፍተት ይቀራል። ትልቅ እባብ በዚያ አያልፍም። አዲስ የተፈለፈለ የበቆሎ እባብ ግን ውፍረቱ ከእርሳስ የማይበልጥ ስለሆነ ያልፋል፤ ደንቡም ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው አካሉ ይከተላል የሚል ነው። ስለዚህ ግልገል እባብ መጀመሪያ በትንሽና ጥብቅ ሣጥን አድጎ በኋላ ወደ ቡፌው ቢዛወር ይሻላል። መስታወቶቹም ቁልፍ ይደረግባቸዋል። እባብ እጅ ባይኖረውም ያልተቆለፈ መስታወት በአፍንጫው ገፍቶ ያንሸራትታል። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳም ከገመዱ ዙሪያ በሚገባ መደፈን አለበት፤ በሩን በሁለት ቁልፍ ዘግቶ የገመዱን ቀዳዳ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚናገሩት ዓረፍተ ነገር ለሰዋስው ተማሪ ልብ የሚባል ነው። «እባቡ አመለጠ» ይላሉ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ እባቡ ነው፤ «ቁልፉ ሳይዘጋ ቀረ» ሲባል ደግሞ አድራጊው ጭራሹን ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። «ቁልፉን ሳልዘጋው ሄድኩ» የሚለው ግን ባለቤቱን ይዞ ይገኛል፤ የእባቡም ባለቤት፣ የዓረፍተ ነገሩም ባለቤት በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ይሆናሉ።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ሰፊ ረግረግ ውስጥ ከቤት ያመለጡ ወይም አሳዳጊዎቻቸው የለቀቋቸው የበርማ ዘንዶዎች ተራብተው የአገሩን አጥቢ እንስሳትና ወፎች ክፉኛ አመናምነዋል፤ የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ዘንዶ ጎጂ ከሚባሉት እንስሳት ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። የበቆሎ እባብ እንደዚያ ግዙፍ አይደለም፤ ቢሆንም ከአገሩ ውጭ በተወሰደበት ስፍራ ቢያመልጥ እርሱም እንግዳ ነው። ለጎረቤትም ማሰብ ይገባል፤ በግድግዳው ማዶ የሚኖረው ሰው መርዝ አለው የለውም ብሎ አይጠይቅም።

የውስጡ መሰናዶ በአንጻሩ ቀላል ነው። ወለሉ ላይ አስፐን ከሚባለው ሽታ የሌለው ዛፍ የተገኘ ፍቅፋቂ፣ እባቡ ሊቀበርበት እስኪችል፣ በርከት ተደርጎ ይጎዘጎዛል። የደቀቀ ሰጋቱራ አቧራው ስለሚበዛ አይሆንም። መደበቂያ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ በሞቃቱ፣ አንዱ በቀዝቃዛው ጫፍ። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ በመሞቅና በመደበቅ መካከል ለመምረጥ ይገደዳል፤ ፈሪ እንስሳ ስለሆነም ብዙ ጊዜ መደበቅን መርጦ ሳይሞቅ ይቀራል። የውሃው ሣህን ከባድና የማይገለበጥ ይሁን፤ በቀዝቃዛው ጫፍ ይቀመጥ። የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይበቃል፤ ቆዳውን በሚለውጥበት ሰሞን ብቻ እርጥብ ሣር ያለበት ትንሽ ሣጥን ይጨመርለታል።

ቡፌው የሚቆመው የፀሐይ ጨረር በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ አጠገብ ነው፤ በመስታወት በኩል የገባ ፀሐይ ቴርሞስታቱ ሊያጠፋው የማይችል እሳት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ አይቀመጥም። እባቦችና ሌሎች ተሳቢዎች ጤነኛ ሆነው ሳሉ እንኳ ሳልሞኔላ የተባለውን የአንጀት ተሕዋስ ይዘው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ እባቡንም ሆነ ቤቱን የነካ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም እንዲነኩ አይፈቀድም።

ሁሉም ከተጠናቀቀ በኋላ ቤቱ ባዶውን ይፈተናል። አንድ ቴርሞሜትር በሞቃቱ፣ አንድ በቀዝቃዛው ጫፍ ተቀምጦ፣ መብራቱ እንደ ወትሮው እየበራና እየጠፋ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ጧት፣ ቀትርና ሌሊት ሙቀቱ በደብተር ይመዘገባል። በጣም ሞቃት በሆነ ቀን ምን ያህል ወጣ? በቀዝቃዛ ሌሊት ምን ያህል ወረደ? በአምፑሉ ዙሪያ ያለው እንጨት በእጅ ሲዳሰስ ይፋጃል? ከጠቆረ ወይም ከተቃጠለ ሽታ ከወጣ አምፑሉ ይቀንሳል ወይም ይርቃል፣ ፈተናውም ከመጀመሪያው ቀን እንደገና ይቆጠራል። ቤቱን ለአንድ ሌሊት ዘግቶ በማለዳ ከፍቶ ማሽተትም የፈተናው ክፍል ነው፤ የቫርኒሽ፣ የአቼቶ ወይም የናፍታሊን ሽታ ካለ ጊዜው ገና ነው።

እባቡ የሚገባው ቁጥሮቹ ሳይለዋወጡ ሲቀሩ ነው። በገባ ጊዜ ከመደበቂያው ላይወጣ ይችላል፤ ሌሊት ግን ጥጉን ሁሉ በምላሱ እየዳሰሰ ይዞራል። በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት በእጅ አይነሣም። ውሃው ይለወጥለታል፣ ቁልፉ ይታያል፣ ቴርሞሜትሩ ይነበባል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ምግብ ይሰጠዋል።